ከቢታንያ የተላከው መልእክት



በቅዳም ስዑር ካህናትና ዲያቆናት ቃጭል እያሰሙ፣ ቄጤማ ይዘው በየምእመናኑ ቤት ሲዞሩ፣ የቤቱ ባለቤት ቄጤማውን ተቀብሎ በራሱ ላይ ካሰረ በኋላ እስከ በር ሲሸኝ አንድ ነገር ሹክ ማለቱ የቆየ ልማድ ነው። ቀድሞ የምንሰማው ስለ ልጆች ትምህርትና ስለ ቤት ሰላም ነበረ። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ግን ውጭ አገር ያለ ወንድም ወይም ያለች እኅት መታመሟን እየነገረ በጸሎት አስቡልኝ የሚለን ሰው በዝቷል። አብዛኛውም ይህን ሲናገር ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ በጓዳ ያሉት እናት እንዳይሰሙ ተጠንቅቆ ነው።

የዮሐንስ ወንጌል 11ኛው ምዕራፍ የሚጀምረው ከእንዲህ ያለ ቤት ነው። አልዓዛር በታመመ ጊዜ ጌታ በዮርዳኖስ ማዶ ነበረ። እኅቶቹ ማርያምና ማርታ ከቢታንያ መልእክት ላኩ፤ መልእክቱም እጅግ አጭር ነበረ። የሚወደው ሰው መታመሙን ብቻ ነገሩት። ቶሎ ድረስ አላሉትም፤ ይህን አድርግልን ብለውም አልለመኑትም። ነገር ግን አልሸሸጉትም። ምዕራፉን በመንፈሳዊ ኮሌጅ ስንማር ዓይናችን ያረፈው በመቃብሩ ደጅ በተደረገው ተአምር ላይ ነበረና መልእክተኛውን ልብ አላልነውም። ልብ ያልነው በ2015 ዓ.ም. በራሳችን ቤት ተመሳሳይ ወሬ በደረሰ ጊዜ ነው።

ታናሽ ወንድማችን የሚኖረው በአሜሪካ፣ በዋሽንግተን አካባቢ ነው። በዚያ ዓመት በጾመ ነቢያት ወራት በአንገቱ በግራ በኩል እብጠት አወጣ። አላመመውም፤ ስለዚህም ቸል አለው። ሌሊት አንሶላው እስኪረጥብ ያልበው ጀመር፤ ሰውነቱም እየከሳ ሄደ። በስልክ ምስል ባየነው ጊዜ ጾሙን ማጥበቁ መስሎን አመሰገንነው። ይህ ምስጋናችን ዛሬም ትዝ ሲለን ያሳፍረናል።

ወሬውን የሰማነው ጥምቀት ካለፈ ከሳምንት በኋላ ነው። የነገረችን ታላቅ እኅታችን ስትሆን፣ እርሷ ካወቀች አንድ ወር ሊሞላት ጥቂት ቀርቷት ነበረ። ሊምፎማ የሚባል ካንሰር ነው አለችን። እኛ ለምን እስከዚያ ቀን እንደ ተሸሸግን ስንጠይቃት ጥቂት አመንትታ፣ «መድኃኒቱን ተውና ጸበል ግባ ይለኛል ብሎ ፈርቶ ነው፤ አንተን መቃወም ይከብደዋል» ስትል መለሰችልን።

ይህ ቃል ከበሽታው ስም ባልተናነሰ ወጋን። ወንድማችን የፈራውም ያለ ምክንያት አልነበረም። ሐኪም ያዘዘላቸውን አቋርጠው መምጣታቸውን እንደ እምነት ጽናት የሚናገሩ ሕሙማን ሲመሰክሩ ሰምተን፣ በዝምታ ያለፍንባቸው ጊዜያት ነበሩ። ዝምታችን እንደ ምክር ተቆጥሮ ከወንድማችን ጆሮ ደርሷል ማለት ነው። በቤተ ክርስቲያናችን ከሚነበቡት ቅዱሳት መጻሕፍት አንዱ የሆነው መጽሐፈ ሲራክ ግን በ38ኛው ምዕራፉ ሐኪምን ማክበር እንደሚገባ፣ መድኃኒትንም ከምድር ያወጣ እግዚአብሔር እንደ ሆነ ያስተምራል። ወንጌላዊው ሉቃስም ሐኪም ነበረ። በዚያው ምሽት ወደ ወንድማችን ደወልንና በመጀመሪያ የተናገርነው ሐኪሞቹ ያዘዙትን ሁሉ እንዲፈጽም ነው። ከወዲያ በኩል ለረጅም ጊዜ ድምፅ አልተሰማም፤ መስመሩ የተቋረጠ መስሎን ነበረ።

ሊምፎማ ሊምፎሳይት የተባሉት፣ ሰውነትን ከበሽታ የሚከላከሉ ነጭ የደም ሕዋሳት ከሥርዓት ወጥተው ሲባዙ የሚከሠት ካንሰር ነው። ብዙ ጊዜ በአንገት፣ በብብት ወይም በብሽሽት ንፍፊት ሆኖ ይታያል። ከዋና ዋናዎቹ ክፍሎች አንዱ በ1832 እ.ኤ.አ. ስለ በሽታው በጻፈው በእንግሊዛዊው ሐኪም በቶማስ ሆጅኪን ስም ይጠራል። የወንድማችን ይኸኛው ነበረ፤ ተገቢው ሕክምና ሲገኝ ብዙዎች ከሚድኑባቸው የካንሰር ዓይነቶች መካከል የሚቈጠር ነው። በአገራችን እንዲህ ያለ የአንገት እብጠት ብዙ ጊዜ የዕጢ ቲቢ ሆኖ ስለሚገኝ፣ ሁለቱን ለይቶ ለማወቅ ከእብጠቱ ናሙና ተወስዶ መመርመር ይኖርበታል። ሳምንታት አልፈውት የማይጠፋ እብጠት፣ ባያምም እንኳ፣ ለሐኪም መታየት አለበት፤ ወንድማችንን ያዘናጋው አለማመሙ ነበረ።

ሕክምናው በየካቲት ተጀመረ። አራት ዓይነት መድኃኒት በየሁለት ሳምንቱ በደም ሥር ይሰጠዋል፤ በስድስት ወር አሥራ ሁለት ጊዜ ማለት ነው። በዚያ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ሲሆን በእኛ ከቀኑ 11 ሰዓት ነውና፣ እርሱ ወደ ሕክምናው ወንበር ሲቀመጥ እኛ ለሠርክ ጸሎት እንቆማለን። ከአራቱ መድኃኒቶች አንዱ ቀይ ነው። በመጀመሪያው ቀን ማታ ደውሎ ሽንቱ መቅላቱን ሲነግረን ደም መስሎን ደነገጥን፤ እርሱ ግን ከመድኃኒቱ ቀለም የመጣ መሆኑን ነርሷ አስቀድማ ነግራው ስለ ነበረ እያሳቀ አረጋጋን። ሕመምተኛው ጤነኛውን ሲያጽናና የታየበት ቀን ይህ ብቻ አይደለም።

ሄደን ልናስታምመው አስበን ነበረ፤ የመግቢያ ፈቃድ ጠይቀን አልተሰጠንም። ታዲያ ከዚህ ሆነን ምን እንሥራለት እያልን ስንጨነቅ ሥራው ሳይታሰብ መጣ። መድኃኒቱ ካንሰሩን ሲያጠቃ ነጭ የደም ሕዋሳትንም ስለሚቀንስ፣ በሽተኛው ከብዙ ሰው ጋር እንዳይቀላቀል፣ ሙቀቱ ወደ 38 ዲግሪ ከደረሰ ሳይውል ሳያድር ወደ ሆስፒታል እንዲሄድ ታዟል። የእኛ ሰው ደግሞ በያለበት ደግ ነው። ታመመ ሲባል በአምስትና በስድስት ሆኖ፣ ሕፃናትን አስከትሎ፣ ድስት ተሸክሞ ይመጣል። ወንድማችን መጥቶ የቆመን እንግዳ ከደጅ የሚመልስበት አንደበት የለውም። እኛ ግን ሩቅ ነን፤ ሩቅ ያለን ሰው ቂም አይጎዳውም። ስለዚህ ከአዲስ አበባ ወደ ዋሽንግተን እየደወልን ጠያቂዎቹን ተራ አስያዝናቸው፤ ጉንፋን የያዘውን አስቀረን፤ ምግቡ ተበስሎ በር ላይ ተቀምጦ እንዲሄድ ለመንን። ከመካከላቸው እስከ ዛሬ የተቀየሙን አሉ። ጾሙንም ቢሆን ጠይቆናል። ዐቢይ ጾም ሊገባ ሳምንት ሲቀረው ሥጋና ወተት እንዲበላ የታዘዘውን ምን ላድርግ ሲለን፣ ዲያቆን የመፍታት ሥልጣን የለውምና ወደ ንስሐ አባቱ መራነው። እርሳቸውም ፍትሐ ነገሥት ለሕሙማን የሚያደርገውን አስተያየት ጠቅሰው ፈቀዱለት። ጸበሉንም ከንጹሕ ውኃ ባርከው ሰጡት፤ መድኃኒቱንም እንዲቀጥል አዘዙት።

የቀረችው እናታችን ነበረች። በደብረ ብርሃን ትኖራለች፤ ዕድሜዋ ሰባን አልፏል። እንዳንነግራት ሁላችንም ተስማምተን ነበረ። ነገር ግን ስሙን ለቅዳሴ ለመስጠት ስንነሣ የወንድማችንን የክርስትና ስም አለማወቃችን ታየ፤ እርሱ በአርባ ቀኑ ሲጠመቅ እኛ በአብነት ትምህርት ቤት ነበርን። እኅታችንም ረስታዋለች። ወንድማችንን ራሱን ስንጠይቀው እናቱ ብቻ እንደምታውቅ ነገረን። ደብረ ብርሃን ሄደን፣ ቡና ተጠጥቶ ሦስተኛው እስኪወርድ ወሬ ስንለዋውጥ ቆይተን፣ እንደ ዋዛ አድርገን ጠየቅናት። ስኒውን ከረከቦቱ ላይ አስቀመጠችና ስሙን ነገረችን፤ «ኃይለ ሚካኤል ነው።» ቀጥላም፣ «የክርስትና ስም የሚጠየቀው ለሁለት ነገር ነው። ሞቶ ነው ታሞ?» አለችን።

ታሟል አልናት። ሁሉንም ነገርናት። አላለቀሰችም። ከጥር ጀምሮ ድምፁ እንደ ተለወጠ ታውቅ እንደ ነበረ፣ እኛ ግን ባለመናገራችን ከእርሱ ጋር ስለ ዝናብና ስለ እህል ዋጋ ብቻ እንድታወራ እንዳስገደድናት ነገረችን። በዚያው ምሽት ደወለችለት፤ እኛ ወደ ደጅ ወጣን። ከዚያን ቀን ጀምሮ ወንድማችን እንቅልፍ እምቢ ሲለው የሚደውለው ለእኛ ሳይሆን ለእርሷ ሆነ፤ በእርሱ ሌሊት በእርሷ ጠዋት ነውና።

ማርታ ጌታ ዘግይቶ በደረሰ ጊዜ፣ በዚህ ኖሮ ቢሆን ወንድሟ ባልሞተም ነበር ብላ ስትወቅሰው አልገሠጻትም። ማርያምም ያንኑ ወቀሳ ደገመችው። እርሱም አለቀሰ። ሩቅ ሆኖ የሚያዝን ሰው ራሱን የሚወቅስበት ቃል በወንጌል ውስጥ ተጽፎ መገኘቱ በዚያ ጾም እኛን እጅግ አጽናንቶናል። አምስተኛው መድኃኒት የተሰጠው በሰሙነ ሕማማት፣ በሰኞ ዕለት ነበረ። እኛ ስንሰግድ ውለን ማታ ስንደውል፣ እርሱ ቁሞ መሄድ አቅቶት ከአልጋው ላይ ራሱን ብቻ ዝቅ እያደረገ እንደ ሰገደ ነገረን።

ሚያዝያ 8 ቀን 2015 ዓ.ም. ሌሊት የትንሣኤ ቅዳሴ አልቆ ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ 9 ሰዓት ነበረ፤ በዚያ ገና የቅዳሜ ምሽት 2 ሰዓት ነው። ስልኩን ያነሣው ራሱ ነው። በዚያ ወደ ቤተ ክርስቲያን የሚጓዘው ሕዝብ ብዙ ስለ ሆነ ከቤት እንዲቀር መታዘዙን ነገረን። የትንሣኤውን ሰላምታ ተለዋወጥን። ቀጥሎም እናታችን ዶሮውን ሠርታ እንደ ሆነ ጠየቀን።

የመጨረሻው መድኃኒት በዚያው ዓመት በሐምሌ ተሰጠው። ካንሰሩ በምርመራ አልታየም፤ ሐኪሞቹ ግን ዳንህ የሚለውን ቃል ለመናገር አይቸኩሉም፤ በየጊዜው እየጠሩ ያዩታል። ቀጣዩ ምርመራ በግንቦት ነው። ቀኑን እናታችን ታውቀዋለች፤ ከግድግዳዋ ላይ ባለው የቀን መቁጠሪያ በእርሳስ አክብባዋለች።