«ይህንኑ ስጠኝ»

መገናኛ አካባቢ አንድ ፋርማሲ ውስጥ የሳል ሽሮፕ ልገዛ ተሰልፌ ነበር። ከፊቴ ነጠላዋን እስከ አፍንጫዋ የተከናነበች ሴት መዳፏን ከፈት አድርጋ ባዶ የክኒን ማሸጊያ ጠረጴዛው ላይ አኖረች። «ይህንኑ ስጠኝ፣ ወንድሜ።» ልጁ አገላብጦ አየው፤ ሜትሮኒዳዞል ነው። «ለአሜባ ነው?» አላት። ዞር ብላ እኔን አየችና «አዎ» አለች።

በር ላይ ተገናኘን። ውሸቷን የታዘብኩባት መስሏት ይሁን እንጃ፣ ሳልጠይቃት ተናገረች። «አሜባ አይደለም። ፈሳሽ ነው። ይሄ አራተኛ ጊዜዬ ነው። ስወስደው ተወት ያደርገኛል፤ ወር ሳይሞላ ይመለሳል። ማሳከኩ ደግሞ ሌሊት ይብሳል።»

ከሴት ብልት የሚወጣ ፈሳሽ ሁሉ በሽታ እንዳልሆነ አንባቢ ያውቃል። ሲሸት፣ ሲያሳክክና ሲያቃጥል ግን ከጀርባው ያለው አንድ ነገር ብቻ አይደለም። ካንዲዳ የተባለው ፈንገስ እንደ አይብ ነጭና ወፍራም ፈሳሽ ያመጣል። ባክቴሪያል ቫጂኖሲስ ቀጭን፣ ግራጫና ዓሣ ዓሣ የሚሸት ነው። ትሪኮሞናስ ወደ ቢጫና አረንጓዴ ያደላል፣ አንዳንዴም አረፋ አለው። መጽሐፉ እንዲህ ይላል፤ ሴቶቹ ግን መጽሐፉን አንብበው አይታመሙም፣ ምልክቱ ይደባለቃል። ለካንዲዳ ሜትሮኒዳዞል ምንም አይሠራም።

ትሪኮሞናስን መጀመሪያ ያየው ፈረንሳዊው ሐኪም አልፍሬድ ዶኔ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1836፣ ፓሪስ። ይኸው ሰው በኋላ ፎቶግራፍ ገና ጨቅላ ሳለ ከፊዚክስ ሊቁ ሌዎን ፉኮ ጋር ሆኖ በማይክሮስኮፕ የሚታየውን በፎቶ እያስቀረ አትላስ አሳትሟል። እ.ኤ.አ. በ1892 ጀርመናዊው አልበርት ደደርላይን የሴትን ብልት አሲዳማ አድርገው የሚጠብቁትን ባክቴሪያዎች ገለጸ። የፈንገሱ መድኃኒት ኒስታቲን ታሪክ ደግሞ ይጣፍጠኛል። ኤልዛቤት ሄዘን ኒውዮርክ ከተማ፣ ራሄል ብራውን ኦልባኒ ተቀምጠው ናሙናውን በጠርሙስ በፖስታ ቤት እየተላላኩ ሠሩትና እ.ኤ.አ. በ1950 ይፋ አደረጉት። ሜትሮኒዳዞልም ቢሆን መጀመሪያ ገበያ የወጣው ለትሪኮሞናስ ነበር፤ ለአሜባ የዋለው በኋላ ነው። ሴትየዋ የደበቀችው እንግዲህ የመድኃኒቱን የልጅነት ስም ነው።

በአንድ የመንግሥት ጤና ጣቢያ ለብዙ ዓመት ላቦራቶሪ የሠሩ እናት አሉ። ነጭ ጋውን የለበሰ ሁሉ «ዶክተር» በሚባልበት ግቢ እሳቸውም «ዶክተር» ናቸው።

«ልጄ፣ ትሪኮሞናስ ትኩስ ትኩሱን ካላየሽው ያመልጥሻል» አሉኝ። «ከጨው ውሃ ጠብታ ጋር ስላይድ ላይ ስታደርጊው ሲንቀጠቀጥ ታዪዋለሽ። ከቀዘቀዘ ቆሞ ይቀራል፤ ከነጭ የደም ሴል በምን ትለዪዋለሽ? የምርመራ ክፍሉ እዚያ ማዶ፣ እኔ እዚህ። ናሙናው ግቢውን አቋርጦ፣ ወረፋ ጠብቆ እስኪደርሰኝ ሞቷል።» ስለ ባክቴሪያል ቫጂኖሲስ የሽታ ምርመራ ስጠይቃቸው ሳቁ። «ፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ አንዲት ጠብታ ጠብ ሳደርግበት ክፍሉ ዝዋይ ይሆናል!» ቀጠሉ፦ «ደግሞ ፈተና የሚገቡ ይመስል ታጥበው፣ ወይባ ታጥነው ነው የሚመጡት። ሳሙናው፣ ዴቶሉ፣ ሎሚው። ለእኔ ምን ይተርፈኛል?» (ሳሙናውና ዴቶሉ ራሳቸው ቆዳ ያስቆጣሉ፤ ውስጥን ማጠብ ደግሞ የደደርላይንን ጠባቂዎች ያባርራል።)

የሚታዘዝላቸው ወረቀት ላይ ሰገራ፣ ሽንት፣ የወባ ፊልምና አክታ ይበዛል። «የፈሳሽ በሳምንት አንድ ቢመጣልኝ ነው። ማይክሮስኮፑ እኮ ያው ነው!»

ምክንያቱ አሠራሩ ነው። ላቦራቶሪ በሌለበት ታካሚዋ በመጣችበት ቀን ታክማ እንድትሄድ ተብሎ፣ ምልክት አይቶ ለተጠረጠሩት ተሕዋስያን ሁሉ በአንዴ መድኃኒት መስጠት በዓለም ተለመደ፤ እኛም ተቀበልነው። ለወንዶች ፈሳሽ ደህና ይሠራል። ለሴቶች ግን፣ በተለይ ጨብጥንና ክላሚዲያን ለመለየት፣ ደካማ እንደሆነ ከታወቀ ቆይቷል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው መመሪያ ምርመራ ባለበት ተመርምራ ትታከም ይላል። ማይክሮስኮፕ ባለበት ጤና ጣቢያ ለምን አይታይም ብዬ አንድ የጤና ቢሮ ኃላፊ ጠየቅኩ። «ደብዳቤ አስገቢ» አሉኝ። አስገባሁ። ሦስተኛ ጊዜ ስሄድ ጸሐፊያቸው «ስብሰባ ላይ ናቸው» አለችኝ። በሩ ገርበብ ብሎ ስለነበር ብቻቸውን ሻይ ሲጠጡ አይቻቸዋለሁ።

የሚመላለሰው ሁሉ ግን በሐኪም ጥፋት አይደለም። ትሪኮሞናስ ባል ካልታከመ ተመልሶ ይይዛል። ባክቴሪያል ቫጂኖሲስም ቢሆን እንደዚያው ሳይሆን አይቀርም፦ እ.ኤ.አ. በ2025 የታተመ የአውስትራሊያ ጥናት 164 ጥንዶችን ተከታትሎ፣ ሴቷ ብቻ ስትታከም በ12 ሳምንት ውስጥ በ63 በመቶዎቹ ሲመለስ፣ ወንዱም ክኒንና ቅባት ሲወስድ ወደ 35 በመቶ መውረዱን አሳይቷል። ካንዲዳው እየደጋገመ ለሚመጣባት ደግሞ ስኳሯ መለካት አለበት። ሳይታወቅ የቆየ ሕመም ያለጊዜ ምጥ ሊያመጣና ለኤች አይ ቪ ሊያጋልጥ ይችላል፤ አልፎ አልፎም ከፈሳሹ ጀርባ የማህፀን በር ካንሰር ይገኛል።

እህቴ፣ ክኒኑን ጨርሰሽ ከተመለሰብሽ ባዶውን ማሸጊያ ወደ ፋርማሲ ሳይሆን ወደ ጤና ጣቢያ ይዘሽ ሂጂ፤ በጠዋት፣ ውስጥሽን ሳትታጠቢ። «በማይክሮስኮፕ ይታይልኝ» በይ። ደም ከተቀላቀለበት፣ ከግንኙነት በኋላ ከደማሽ፣ ወይም የታችኛው ሆድሽን እያመመሽ ካተኮሰሽ ነገ አትበይ።