ፈቃዱ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል፤ የሕፃናቱን ውሎ ግን ማን መዘነው?

በኬንያ ዋና ከተማ ናይሮቢ፣ ኮሮጎቾን በመሳሰሉ የድሆች መንደሮች፣ በርካታ እናቶች ጎሕ ሲቀድ ልጆቻቸውን በአንዲት ጠባብ ክፍል ለምትጠብቅ ጎረቤት አስረክበው ወደ ፋብሪካ፣ ወደ ገበያ ወይም ወደ ልብስ አጠባ ያመራሉ። ክፍያው ብዙውን ጊዜ የዕለት ነው፤ ሥራ ያልተገኘ ቀን ልጁም ቤቱ ይውላል። በአዲስ አበባ ደግሞ ግቢ ያለው ቪላ ተከራይቶ፣ አጥሩ በካርቱን ሥዕሎች አሸብርቆ፣ የሥራ ፈቃዱ በመስታወት ተከቶ የተሰቀለበት መዋዕለ ሕፃናት ማየት የተለመደ ነው።

ከሁለቱ ለሕፃን የሚሻለው የትኛው ነው ተብሎ ቢጠየቅ መልሱ ግልጽ ይመስላል። የቀዳማይ ልጅነት እንክብካቤና ትምህርትን ጥራት የሚመዝኑ ባለሙያዎች ግን በር ላይ ቆመው ፍርድ አይሰጡም። ገብተው፣ ጥግ ይዘው፣ ለሰዓታት መቀመጥ ይፈልጋሉ። ሕግን ማሟላትና ለሕፃን መልካም ቦታ መሆን የሚቀራረቡ ነገሮች ናቸው እንጂ አንድ አይደሉም። አንዱን የሚለካው መሣሪያም ሌላውን አይለካም።

የሚቆጠረውና የማይቆጠረው

ባለሙያዎቹ ጥራትን በሁለት ከፍለው ያዩታል። የመጀመሪያው ሊቆጠርና በሜትር ሊለካ የሚችለው ነው፦ የክፍሉ ስፋት፣ የመጸዳጃ ቤቱ ብዛት፣ ንጹሕ ውኃ፣ አጥር፣ የአደጋ ጊዜ መውጫ፣ የሠራተኞች የምስክር ወረቀት። ሁለተኛው በሕፃኑና በምትንከባከበው ሰው መካከል የሚሆነው ነው። ያለቀሰ ልጅ ዞር ብሎ የሚያየው ሰው እስኪያገኝ ስንት ደቂቃ ይፈጃል? መምህርቷ ልጁን ታዝዘዋለች ብቻ ወይስ ትጠይቀዋለች? ከጠየቀችውስ መልሱን ትጠብቃለች? መጫወቻው የልጆቹ እጅ በሚደርስበት መደርደሪያ ላይ ነው ወይስ እንግዳ ሲመጣ ብቻ ከተቆለፈ ሣጥን ይወጣል?

የቁጥጥር ሕጎች በአመዛኙ የሚያርፉት በመጀመሪያው ላይ ነው። ይህን እንደ ስንፍና መቁጠር አይገባም። ሜትር አያዳላም፤ ተቆጣጣሪና ባለንብረት ቢካሰሱም ለዳኛ የሚቀርበው ማስረጃ የሚለካው ነገር ነው። ከሚቆጠሩት መካከል ደግሞ የማይቆጠረውን በእጅጉ የሚወስን አንድ ቁጥር አለ፤ አንዲት ተንከባካቢ ስንት ሕፃናት ትይዛለች የሚለው። በእንግሊዝ ሕግ ዕድሜያቸው ከ2 ዓመት በታች ለሆኑ 3 ሕፃናት ቢያንስ አንድ ተንከባካቢ ግዴታ ነው። አሥራ አምስት ጨቅላዎች የተሰጧት ሴት የቱንም ያህል ሩኅሩኅ ብትሆን ቀኑ የሚያልቀው በማብላትና ጨርቅ በመቀየር ነው። ሕፃኑን ዓይን ዓይኑን እያየች ለማጫወት ጊዜ አይተርፋትም።

የሚቆጠረው ነገር በወረቀት ላይ ብቻ ሲቆጠር ምን እንደሚያስከትል ከሩቅ አገር የመጣ መራራ ምሳሌ አለ። በሜክሲኮ ኤርሞሲዮ ከተማ እአአ በ2009 ኤቢሲ በተባለ የሕፃናት ማቆያ የደረሰ ቃጠሎ የ49 ሕፃናትን ሕይወት ቀጥፏል። እሳቱ የተነሣው አጠገቡ ከነበረ መጋዘን ነበር። ማቆያው ከአደጋው በፊት ሁለት ሳምንት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ የደኅንነት ምርመራ አልፎ ነበር።

መመዘኛ ከየት መጣ?

የማይቆጠረውን ለመመዘን የተደረገው ጥረት ረጅም ታሪክ አለው። ከመሣሪያዎቹ ሁሉ ይበልጥ የታወቀው ቴልማ ሃርምስና ሪቻርድ ክሊፎርድ በአሜሪካ ኖርዝ ካሮላይና ዩኒቨርሲቲ አዘጋጅተው እአአ በ1980 ያሳተሙት፣ በአጭር ስሙ ‘ኤከርስ’ የሚባለው ነው። የሠለጠነ ተመልካች በአንድ ክፍል ውስጥ ተቀምጦ የሚያየውን ከ1 እስከ 7 ባለው መለኪያ ያስቀምጣል። በሦስተኛው እትሙ ምልከታው 3 ሰዓት ገደማ የሚወስድ ሲሆን፣ ቁሳቁስ ከመቁጠር ይልቅ መምህርቷ በቁሳቁሱ ምን እንደምታደርግ ወደማየት አዘንብሏል። ይህ ለውጥ በራሱ ብዙ ይናገራል። ለዓመታት መጫወቻ ሲቆጥሩ የኖሩ ሰዎች የመጫወቻ ብዛት ብቻውን ብዙ እንደማይነግራቸው ተረድተዋል ማለት ነው።

እንዲህ ያለው መሣሪያ ወደ ምሥራቅ አፍሪካ ሲመጣ ግን ይቸገራል። 60 እና 70 ልጆች በአንድ ክፍል ታጭቀው፣ ለትልልቅ ተማሪዎች በተሠራ አግዳሚ ወንበር ላይ እግራቸው መሬት ሳይነካ የሚቀመጡበትን ትምህርት ቤት ለሀብታም አገር በተዘጋጀ ሚዛን ላይ ቢያስቀምጡት ከሞላ ጎደል በሁሉም መስፈርት 1 ያገኛል። ጎረቤቱም 1፣ የጎረቤቱ ጎረቤትም 1። ሁሉንም የሚጥል ሚዛን ደግሞ የትኛዋ መምህርት በዚያው ክፍል ውስጥ ድንቅ ሥራ እየሠራች እንደሆነ አያሳይም። ተረት የምትነግረው፣ ልጆቹን በቡድን በቡድን ከፍላ በጠጠርና በቆርኪ የምታስቆጥረው፣ ስማቸውን አንድ በአንድ የምታውቀው መምህርት፣ ዱላ ይዛ ከምታስደግመው እኩል ነጥብ ታገኛለች።

ዩኔስኮ፣ ዩኒሴፍ፣ የዓለም ባንክና ብሩኪንግስ የተባለው የአሜሪካ የጥናት ተቋም እአአ በ2014 ‘ሜልኮ’ የተሰኘውን የጋራ ሥራ የጀመሩት ገቢያቸው ዝቅተኛና መካከለኛ የሆኑ አገራት እንደየሁኔታቸው ሊያሻሽሉት የሚችሉት መመዘኛ ለማዘጋጀት ነበር። ታንዛኒያ ይህን መመዘኛ ከራሷ ሁኔታ ጋር አጣጥመው ከሞከሩት አገራት አንዷ ናት።

የአምስት ዓመት ልጅ ‘ውጤት’ ምንድን ነው?

ኢትዮጵያ በ2002 ዓ.ም. የትምህርት፣ የጤናና የሴቶች ጉዳይ ሚኒስቴሮች በጋራ ያወጡትን የቀዳማይ ልጅነት እንክብካቤና ትምህርት የፖሊሲ ማዕቀፍ ካጸደቀች በኋላ ቅድመ መደበኛ ትምህርት በአስገራሚ ፍጥነት ተስፋፍቷል። የጥቅል ተሳትፎ መጠኑ ከ10 በመቶ በታች ተነሥቶ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከ40 በመቶ አልፏል። ዕድገቱን የተሸከመው በዋናነት በመንግሥት የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ግቢ ውስጥ የተከፈተው ‘ኦ ክፍል’ ነው። ቀድሞ በከተማ የግል ተቋማት ብቻ የተወሰነውን ዕድል ለገበሬው ልጅ ያደረሰ ትልቅ እርምጃ ነው፤ ይሁንና በብዙ ቦታ ክፍሉ፣ ወንበሩም ሆነ መምህሩ ለሕፃናት ተብለው የተዘጋጁ አልነበሩም።

በአገሪቱ የአጠቃላይ ትምህርት ኢንስፔክሽን ማዕቀፍ መሠረት ተቋማት በ26 ስታንዳርዶች ተመዝነው ከደረጃ 1 እስከ ደረጃ 4 ይመደባሉ። ነጥቡም ለግብዓት 25፣ ለሂደት 35፣ ለውጤት 40 በመቶ ሆኖ የተከፋፈለ ነው። ለአሥረኛ ክፍል ተማሪ ‘ውጤት’ የሚለው ቃል አያከራክርም። ለአምስት ዓመት ልጅ ግን ያከራክራል። ፊደል መቁጠር ነው? ጫማን ራስ መቻል ነው? ከእናት ተለይቶ ሳያለቅሱ መዋል ነው? ተራን መጠበቅስ? መልሱ ፊደልና ቁጥር ብቻ ከሆነ ተቋሙ ነጥብ ለማግኘት ልጆቹን ቀኑን ሙሉ ወንበር ላይ አስቀምጦ ማስጻፍን ይመርጣል።

ይህን ግፊት የሚያበረቱት ደግሞ ተቆጣጣሪዎች ብቻ አይደሉም፤ ወላጆችም ናቸው። ከአዲስ አበባ እስከ ናይሮቢ፣ ከፍለው የሚያስተምሩ ወላጆች ጥራትን የሚለኩት በአመዛኙ በሦስት ነገር ነው፦ በየማታው ቦርሳ ውስጥ በሚመጣ የቤት ሥራ፣ ልጁ በሚናገራቸው የእንግሊዝኛ ቃላትና በዓመቱ መጨረሻ በሚለበሰው የምረቃ ካባ። አፉን በእናቱ ቋንቋ ገና እያፈታ ያለ ልጅ በማያውቀው ቋንቋ ሲያስተጋባ ወላጅ ይደሰታል፤ ባለሙያዋ ግን በማስታወሻዋ ላይ ሌላ ነገር ትጽፋለች። አንድ መዋዕለ ሕፃናት የቤት ሥራውን ትቶ በጨዋታ ማስተማር ቢጀምር ደንበኞቹን ለጎረቤቱ ሊያስረክብ ይችላል። በዚህ ገበያ ውስጥ የተሻለ መሆን ሊያከስር መቻሉ ስለ ጥራት በሚነገረው ሁሉ ውስጥ እምብዛም የማይነሣ ጉዳይ ነው።

ጥብቅ ሕግ፣ የተደበቀ በር

በኬንያ እአአ በ2010 የጸደቀው ሕገ መንግሥት ቅድመ መደበኛ ትምህርትንና የሕፃናት ማቆያዎችን ለካውንቲዎች ሰጥቷል። የናይሮቢ ካውንቲም እአአ በ2017 የሕፃናት ማቆያ ተቋማትን የሚመለከት የራሱን ሕግ አወጣ። በዩጋንዳ እአአ የ2008ቱ የትምህርት ሕግ ቅድመ መደበኛውን ለግል ባለቤቶች ትቶ ለመንግሥት በዋናነት የቁጥጥሩን ድርሻ አስቀርቷል። መንገዱ ቢለያይም ሁለቱም አገራት አንድ ጥያቄ ላይ ይደርሳሉ፤ ሕጉ የሚጠይቀውን ማሟላት ለማይችለው ማቆያ ምን ይደረግ?

መዝጋት ቀላሉ መልስ ነው። ነገር ግን በኮሮጎቾ አንድ ማቆያ ሲታሸግ እናቶቹ ሥራ መሄዳቸውን አያቆሙም። ልጁን ለስምንት ዓመት እኅቱ ይተዉታል፣ ይዘውት ወደ ሥራ ይሄዳሉ ወይም ምልክት ወደሌለው ሌላ በር ይወስዱታል። ማቆያው ለእናቲቱ ኑሮ ምን ያህል ወሳኝ እንደሆነ በዚያው በኮሮጎቾ የተካሄደና እአአ በ2019 የታተመ ጥናት አሳይቷል፤ የማቆያ ክፍያ ድጎማ እንዲያገኙ ዕድል የተሰጣቸው እናቶች ካልተሰጣቸው ይልቅ ሥራ የመያዝ ዕድላቸው በ8.5 የመቶኛ ነጥብ ከፍ ብሏል። ተቆጣጣሪው በሩን ሲያሽግ የሚዘጋው የልጁ መዋያ ብቻ አይደለም፤ የቤቱ የዕለት እንጀራም ነው።

ስለዚህ አንዳንዶች ሌላ መንገድ ሞክረዋል። በኬንያ ኪዶጎ የተባለው ማኅበራዊ ድርጅት ነባሮቹን የመንደር ማቆያዎች ከማፈናቀል ይልቅ ባለቤቶቻቸውን በቡድን እያሠለጠነና እየተከታተለ ደረጃ በደረጃ ያሻሽላቸዋል። ሩዋንዳ በጎረቤት ቤት ወላጆች በፈቃደኝነት የሚያካሂዷቸውን ማዕከላት እንደ አንድ የታወቀ ዓይነት ተቀብላለች። በደቡብ አፍሪካ እአአ በ2021 የተካሄደው ቆጠራ 42,420 የቀዳማይ ልጅነት ተቋማትን ሲመዘግብ ሕጋዊ ምዝገባ የነበራቸው ከግማሽ በታች ሆነው ተገኙ። መንግሥት እአአ በ2025 የጀመረው የምዝገባ ዘመቻ ተቋማቱን በነሐስ፣ በብርና በወርቅ ደረጃ ከፋፍሎ ያስገባል። ዋናው ሐሳብ መጀመሪያ ይመዝገቡ፣ ይታዩ፣ ከዚያ ይሻሻሉ የሚል ነው።

ይህ አካሄድ የራሱ አደጋ አለው። በ‘ጊዜያዊ’ ፈቃድ ዓመታት ማሳለፍ ይቻላል፤ ‘ለድሃ ልጅ ይኼም ይበቃዋል’ የሚል አስተሳሰብም በዚህ በኩል ሾልኮ ይገባል። በመሆኑም የክፍል ስፋትና የግቢ ውበት ቀስ በቀስ ሊሟሉ ይችሉ ይሆናል እንጂ የሚከፈት መውጫ በር፣ ንጹሕ ውኃ፣ ከሕፃናት የራቀ ምድጃ፣ አለመማታትና ማን ልጁን እንደሚወስድ የሚመዘግብ ሰው ለነገ የሚባሉ ጉዳዮች ሊሆኑ አይገባም።

ተቆጣጣሪው ማነው?

ሕግና መመዘኛ ቢኖሩም የሚተገብራቸው ሰው ጉዳይ አለ። የጤና ባለሙያው ስለ ውኃና መጸዳጃ፣ የትምህርት ጽሕፈት ቤቱ ስለ ሥርዓተ ትምህርት፣ የሴቶችና ሕፃናት ጉዳይ ባለሙያዋ ስለ ሕፃናት መብት ይጠይቃሉ። ሁሉም የየራሳቸው ቅጽ አላቸው። በኢትዮጵያ በ2010 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል የመንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 1064 መሥሪያ ቤቶች የሕፃናት ማቆያ እንዲያዘጋጁ ያዝዝ ነበር። በእነዚህ ማቆያዎች የሚውሉት አብዛኞቹ ሕፃናት ዕድሜያቸው ለትምህርት ኢንስፔክሽን ገና ያልደረሰ ነው።

አንድ ሰው ማሸጊያም ምክርም ይዞ ሲመጣ ደግሞ ሁለተኛው አይሰማም። ፈቃዷን ልትነጠቅ የምትችል ባለቤት ‘አንዷ ሠራተኛዬ ትታለች፤ ሁለቱን ክፍል ብቻዬን ነው የያዝኩት’ ብላ አትናገርም። ቀጠሮ የተያዘለት ጉብኝትም ከእውነተኛው ውሎ ይርቃል፤ የዚያን ዕለት መጫወቻው ይወጣል፣ ከልጆቹ ጥቂቶቹ ቤታቸው እንዲውሉ ይነገራል። ልምድ ያላቸው መዛኞች ሳይጠበቁ መግባትን፣ ከመዝገቡ ይልቅ የተሰቀሉትን ቦርሳዎች መቁጠርን ይመርጣሉ። ብዙዎቹ ከጠዋቱ የመዝሙርና የሰላምታ ሰዓት ይልቅ ከምሳ በኋላ ያለውን ጊዜ ያምናሉ። ያን ጊዜ ተንከባካቢዎቹ ደክመዋል፣ ከፊሎቹ ልጆች ተኝተዋል፣ ያልተኙት ደግሞ የሚሠሩት ያጣሉ። ለእነዚያ ላልተኙት ማን ምን እንዳደረገላቸው የሚጻፈው በዚያ ሰዓት ነው።