አፍ አልባዋ የሞፓኔ የእሳት እራት

ከሰሜን ናሚቢያ ተነስቶ በቦትስዋና፣ በዚምባብዌና በሰሜን ደቡብ አፍሪካ በኩል እስከ ሞዛምቢክ ድረስ ሞፓኔ የሚባል ዛፍ የሞላበት ሞቃታማ ቆላ አለ። ዝናቡ ከጀመረ በኋላ በዚህ ጫካ ማታ መብራት ያበራ ሰው መዳፍ የሚያህሉ የሞፓኔ የእሳት እራቶች ሊመጡበት ይችላሉ። ክንፋቸው ሲዘረጋ 12 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው።

የእራቷ ክንፍ መደብ ከገለባማ እስከ ቀይ ቡናማ ስለሚለያይ በቀለም ብቻ መፍረድ አያዋጣም። ዋናው መለያ በኋለኛው ክንፏ ላይ ያለው ዓይን መሳይ ብርቱካንማ ክብ ነው። ወንዱ ደግሞ ላባ በሚመስለው አንቴናው ይታወቃል፤ ሴቷ ሌሊት የምትለቀውን ሽታ ተከትሎ የሚያገኛት በዚሁ ነው።

እራቷ የምትበላበት አፍ ግን የላትም። ሙሽሬዋን፣ ማለትም ከአባ ጨጓሬ ወደ እራት የተለወጠችበትን ልባስ፣ ሰብራ ከወጣች በኋላ ዕድሜዋ ሦስት አራት ቀን ነው፤ ስንቋም አባ ጨጓሬ ሳለች ያጠራቀመችው ስብ ብቻ። ተጣምራ እንቁላሏን በቅጠል ወይም በቀጭን ቅርንጫፍ ላይ አንድ ላይ ትጥልና ትሞታለች።

መብላቱ የልጆቿ ሥራ ነው። አባ ጨጓሬዎቹ መጀመሪያ በመንጋ፣ ኋላ ተበታትነው የሞፓኔን ቅጠል ሙልጭ ያደርጉታል። አራት ጊዜ ቆዳ ቀይረው ሲጨርሱ ጣት ያክላሉ፦ ጥቁር ገላ፣ ነጣ ያለ አረንጓዴ ነቁጥ፣ ቢጫና ቀይ መስመር፣ አጫጭር ጥቁር እሾህ። እኛ አባ ጨጓሬ ሲባል ገና ስሙ ገላችንን ያሳክከናል፤ እዚያ ግን በእጅ ተለቅሞ የሚበላ ምግብ ነው። ለቃሚዋ በጭራው ይዛ አንጀቱን ጨምቃ ታወጣለች፣ በጨው ውሃ ትቀቅለዋለች፣ ፀሐይ ላይ ታሰጣዋለች። የደረቀው ለወራት ሳይበላሽ ይቆያል፤ እንዲሁ ይቆረጠማል፣ አለበለዚያ በሽንኩርትና በቲማቲም ይሠራል። ቦትስዋና በ5 ፑላ ሳንቲሟ ላይ ሳይቀር ቀርጻዋለች፤ ለአንድ ትል ትልቅ ክብር ነው።

ከለቀማ ያመለጠው አፈር ውስጥ ገብቶ፣ ድር ሳያደራ፣ ሙሽሬ ይሆናል። በብዙ ቦታ በዓመት ሁለት ትውልድ ይፈራረቃል፤ የሁለተኛው ሙሽሬ በጋውን ሁሉ መሬት ውስጥ ያሳልፋል። ለቀማው የሚደራው አባ ጨጓሬው ጠግቦ ሊወርድ ሲል ነውና የመጪው ዓመት ዘር የሚወሰነው በነዚያ ጥቂት ቀናት ነው። የሚያሳስበው ደግሞ ገበያው ሲሞቅ ከላይ ያሉትን ለማውረድ ቅርንጫፍ የሚቆርጡ፣ አንዳንዴም ዛፉን የሚጥሉ መኖራቸው ነው።