ለቀረ ሰው የተከደነ መሶብ

ማክሰኞ ጠዋት አንድ ደንበኛችን ደወለ። «ድሮ ወዲያው ይመጣ የነበረው ሪፖርት አሁን ቡና ያስፈላል» አለኝ። ሠንጠረዡን ከፍቼ ሳይ የሞቱት ረድፎች በሕይወት ካሉት በልጠዋል።

ፖስትግሬስ አንድ ረድፍ ሲታረም አዲስ ቅጂ ይጽፋል እንጂ አሮጌውን እዚያው አይጥለውም፤ ያን የሚያነሳው ቫኪዩም የሚባለው ጽዳት ነው። ጽዳቱ ደግሞ አልሰነፈም፤ ሌሊቱን ሲመላለስ አድሯል። ሎጉ ላይ በየዙሩ የሚጽፈው ግን አንድ ነው፦ ሞተዋል፣ ገና ሊነሱ አይችሉም።

መጀመሪያ የጠረጠርኩት ትራንዛክሽን ከፍቶ ምሳ የወጣ ሰው ነው። የለም። ሳይጸድቅ የተንጠለጠለ ትራንዛክሽንም የለም። የሪፕሊኬሽን ስሎቶቹን (ዋናው ሰርቨር ከእሱ ለሚቀዱ ሰርቨሮች የሚይዘውን ቦታ) ዝርዝር ስከፍት ተገኘ፦ ለሪፖርት ተብሎ ተተክሎ ከሳምንታት በፊት የተነቀለ ስታንድባይ ሰርቨር ስሎቱን ትቶ ሄዷል። አሁን የተያያዘበት ማንም የለም፤ «ኤክስሚን» የሚለው ዓምድ ላይ ግን አንድ አሮጌ የትራንዛክሽን ቁጥር ተቀምጧል።

ነገሩ እንዲህ ነው። «ሆት ስታንድባይ ፊድባክ» የበራለት ስታንድባይ «ከዚህ ቁጥር ወዲህ የሞተውን አታንሱብኝ፣ እያነበብኩት ነው» እያለ ለዋናው ይልካል። ስሎት ከሌለው ልመናው ከግንኙነቱ ጋር ይቋረጣል። ስሎት ካለው ግን ቃሉ ዲስክ ላይ ይጻፋል፤ ዋናው ሰርቨር ጠፍቶ ቢነሳ እንኳ አይረሳም። ይመለስ ይሆናል ብሎ መሶቡን ከድኖ ይጠብቃል። ሎጂካል ስሎት በዚህ በኩል ይሻላል፤ «ካታሎግ ኤክስሚን» የሚይዘው የሲስተሙን ሠንጠረዦች ብቻ ነው። ሆኖም የእነሱም ጽዳት ሲታገድ መጨረሻው ያው ነው፤ የትራንዛክሽን ቁጥር 32 ቢት በመሆኑ ያልጸዳው አሮጌ ቁጥር ዕድሜ ወደ 2 ቢሊዮን ሲጠጋ ዳታቤዙ አዲስ ቁጥር መስጠት ያቆማል።

እኛ ባለሙያዎች የተረሳ ስሎት ሲባል ቶሎ የሚታየን የዋል (የለውጥ መዝገብ) ፋይል ክምርና የሞላ ዲስክ ነው። የዚህ ደንበኛ ዲስክ ሰፊ ስለነበር ማንቂያው አልጮኸም። እ.ኤ.አ. በ2020 ከስሪት 13 ጋር የመጣው የዋል ገደብም የሚቆጥረው ባይት ነው፣ የትራንዛክሽን ዕድሜ አይደለም፤ ካልነኩት ደግሞ ገደብ የለውም። ስሪት 17 ስሎቱ ከመቼ ጀምሮ ሥራ እንደፈታ ያሳያል። ስሪት 18 ሥራ ፈት ስሎትን በጊዜ ገደብ ዋጋ ያሳጣል፤ ይህም ቢሆን ካልበራ አይሠራም። ፖስትግሬስን አልወቅስም፤ ጠብቅ የተባለውን ጠበቀ። ሰርቨሩን የነቀለው ሰው (እኔ ልሆንም እችላለሁ፣ ማስታወሻ አልያዝኩም) ስሎቱንም መንቀል ነበረበት።

ስሎቱን አጠፋሁት። ቀጣዩ ቫኪዩም የሞቱትን ሁሉ አነሳ፤ ሪፖርቱም ፈጠነ። የሠንጠረዡ ፋይል ግን ዲስኩ ላይ እንዳበጠ ነው።