ከባሌ ማሳ እስከ ፋብሪካ በር፦ የጥሬ ዕቃ አቅርቦትና ሥጋቶቹ

ዱቄት፣ ፓስታ ወይም ብቅል ለሚያመርት ፋብሪካ የአቅርቦት ሰንሰለት ማለት እህሉ ከማሳ ተነስቶ ማሽን ውስጥ እስኪገባ የሚያልፍባቸው እጆችና መንገዶች ሁሉ ናቸው። ዘር አባዡ፣ ገበሬው፣ የኮምባይነር ባለቤቱ፣ ነጋዴው ወይም ዩኒየኑ፣ የጭነት መኪናውና መጋዘኑ በዚሁ ውስጥ ይቆጠራሉ። አንዱ ሲደናቀፍ ማሽኑ ይቆማል፤ ባይቆምም ጥራቱ የወረደ ምርት ያወጣል። ሥጋትን ማስተዳደር ምን የት ሊበላሽ እንደሚችል ቀድሞ ማወቅና መተኪያውን ማዘጋጀት ነው።

ከሮቤና ከጎባ ዙሪያ በሲናና፣ በአጋርፋ፣ በጋሰራና በጎሮ የተዘረጋው የባሌ ደጋ ከአርሲ ጋር የአገሪቱ ዋነኛ የስንዴ መሬት ነው። እዚህ ብዙ ገበሬ በዓመት ሁለት ጊዜ ያጭዳል። በበልግ የተዘራው በክረምቱ፣ ነዋሪው “ቦና” የሚለው ደግሞ በታኅሣሥ አካባቢ ይሰበሰባል። ለፋብሪካ ይህ ትልቅ ዕድል ነው፤ ዓመቱን ሙሉ የሚበቃ እህል በአንድ ጊዜ ገዝቶ ገንዘቡን መጋዘን ውስጥ ማሰር አይኖርበትም። ነገር ግን የበልጉ አጨዳ ከዝናብ ጋር ይጋጫል። እርጥብ ሆኖ የተከመረ ስንዴ ይሻግታል፤ አንዳንዴም በዛላው ላይ እንዳለ ይበቅላል። ስለዚህ የእርጥበት መለኪያ የሌለው የግዢ ሠራተኛ በክረምት ወደ ሮቤ ባይሄድ ይሻላል።

የባሌ ገበሬ ከዝናቡ ይልቅ የሚፈራው ዋግ የተባለውን የሰብል በሽታ ነው። በ2003 ዓ.ም. ቢጫ ዋግ ተነስቶ በሰፊው ይዘሩ የነበሩትን ኩብሳና ገለማ የተባሉ የስንዴ ዝርያዎች መታ። ገበሬው ፊቱን ዲገሉ ወደተባለ ሌላ ዝርያ አዞረ። ዲገሉ ቢጫ ዋግንም፣ ዓለምን ያስጨነቀውን ዩጂ 99 የተባለ የግንድ ዋግም ይቋቋም ስለነበር ምርጫው ትክክል ነበር። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ሜዳው በዲገሉ ተሸፈነ። በ2006 ዓ.ም. ግን ከዩጂ 99 የተለየ የግንድ ዋግ ዘር በባሌና በአርሲ ተከሰተ፤ ዲገሉ ሊቋቋመው አልቻለም፤ ምርታቸውን ከሞላ ጎደል ያጡ ማሳዎችም ነበሩ። ለአንዱ አደጋ የተገኘው መድኃኒት ሁሉም በአንድነት ሲይዘው የሚቀጥለው አደጋ በር ሆነ።

ለፋብሪካ ኃላፊዎች ከዚህ የበለጠ ትምህርት የለም። ከአምስት ነጋዴዎች የሚገዛ ድርጅት አምስት አቅራቢ ያለው ይመስለዋል። አምስቱም ከአንድ ሜዳ አንድ ዝርያ የሚሰበስቡ ከሆነ ግን ያለው አንድ አቅራቢ ነው፤ ዋግ ሲመጣ አምስቱም ባዶ እጃቸውን ይመጣሉ። እህሉን ከባሌና ለምሳሌ ከምሥራቅ ሸዋ አመጣጥኖ መግዛት፣ ሲገዙም የዝርያውን ስም መጠየቅ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

ሁለተኛው ሥጋት የጥራት ነው። ጥሩ ፓስታ የሚሠራው ከዱረም ስንዴ ነው፤ ባሌም ለዱረም የተመቸ አገር ነው። የሲናና የግብርና ምርምር ማዕከል እንደ ኢላኒና ኤጀርሳ ያሉ ዝርያዎችን አውጥቷል፤ በጣሊያን መንግሥት ድጋፍ የተካሄደ ፕሮጀክትም የባሌን ዩኒየኖች ከፓስታ ፋብሪካዎች ጋር በውል አገናኝቷል። የዱረም ፍሬ ጠንካራና ብርሃን አሳላፊ የሚሆነው ፕሮቲኑ በቂ ሲሆን ነው፤ ማሳው ናይትሮጅን ካነሰው ፍሬው ይነጣል፣ ዱቄታማ ይሆናል። በጂቡቲ ወደብ በኩል የሚገባው የናይትሮጅን ማዳበሪያ፣ ዩሪያ፣ ከዘገየ ወይም ዋጋው ካሻቀበ፣ ጉዳቱ ከወራት በኋላ አዲስ አበባ ወይም አዳማ ባለ ፋብሪካ የፓስታ ጥራት ላይ ይታያል። አስተዋይ ፋብሪካ ታዲያ የአቅራቢውን አቅራቢም ይከታተላል። የቢራ ገብስ ነገር የተገላቢጦሽ ነው፦ ፕሮቲኑ ሲበዛ ለብቅል አይመችም። ሃይነከን ከ2005 ዓ.ም. አንስቶ በአርሲና በባሌ ለገበሬዎች እንደ ትራቭለር ያሉ የገብስ ዝርያዎችን ያስተዋወቀው ከውጭ በሚገባ ብቅል ላይ ያለውን ጥገኝነት ለመቀነስ ነበር።

ውል ብቻውን ግን እህል አያመጣም። በዘር ወቅት የተቆረጠ ዋጋ በአጨዳ ጊዜ ከገበያው በታች ሲሆን ገበሬው ለደላላው ይሸጣል፤ ልጆቹን የሚያሳድግ ሰው ይህን ቢያደርግ አያስወቅሰውም። የሚሻለው ዋጋውን ከአጨዳ ጊዜው ገበያ ጋር አያይዞ ለጥራት ጭማሪ መክፈል፣ ዘርና ማዳበሪያም ቀድሞ ማድረስ ነው።

መንገዱም ይታሰብበት። ከሮቤ እስከ አዲስ አበባ 430 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ በሻሸመኔም በአሰላም መሄድ ይቻላል። ሁለቱ መንገዶች ግን ዶዶላ አካባቢ ስለሚገናኙ ከዚያ እስከ ሮቤ ያለው ቁራጭ ከተዘጋ ሁለት አማራጭ መኖሩ አይጠቅምም። ፋብሪካው አጠገብ የጥቂት ሳምንታት ክምችት መያዝ ያስፈልጋል።

የዋግን ሥጋት በተመለከተ ኢትዮጵያ ጥሩ መሣሪያ አላት። የግብርና ምርምር ተቋማት ከዓለም አቀፍ አጋሮቻቸው ጋር የመስክ አሰሳንና የነፋስ ትንበያን አጣምረው ዋጉ ወዴት ሊዛመት እንደሚችል ያስጠነቅቃሉ። ማስጠንቀቂያው የሚሰራጨው በዋናነት ገበሬው በጊዜ ኬሚካል እንዲረጭ ነው፤ የፋብሪካ ግዢ ክፍልም ሊጠቀምበት ይገባል። በመስከረም የተሰማ ማስጠንቀቂያ ከቦናው አጨዳ በፊት ከሁለት እስከ ሦስት ወር ጊዜ ይሰጣል፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ ከሌላ አካባቢ ተጨማሪ ውል መያዝ፣ ክምችትን ማሳደግ ወይም ለውል ገበሬዎች የሚረጨውን ኬሚካል በዱቤ ማቅረብ ይቻላል።