የሞላው የትኛው ነው?

አርዱዪኖ ኡኖ ላይ ሴንሰሩን፣ ስክሪኑንና ሚሞሪ ካርዱን እየደራረበ የሄደ ሰው ውሎ አድሮ ቀይ መልእክት ይገጥመዋል፦ ፕሮግራሙ 101 በመቶ ቦታ ይፈልጋል፤ የተፈቀደው 32,256 ባይት ነው። ጀማሪ ይህን ሲያይ ኮመንቶቹን ያጠፋል፣ የቫሪያብሎቹን ስም ያሳጥራል። ሁለቱም አንዲት ባይት አያስተርፉም፤ ኮመንትም ሆነ ስም ቺፑ ላይ አይጫንም።

ቺፑ አትሜጋ328ፒ ነው። ፕሮግራሙ የሚቀመጥበት ፍላሽ ኃይል ሲቋረጥም አይጠፋም፤ 32,768 ባይት ይይዛል። ከዚያ ላይ 512ቱን ቡትሎደሩ፣ ማለትም ኮዱን በዩኤስቢ የሚቀበለው ትንሽ ፕሮግራም፣ ይወስዳል። ያው ቺፕ ያለበት ናኖ ላይ ግን ለቡትሎደሩ 2 ኪሎባይት ስለሚተው ጣሪያው 30,720 ነው። ኡኖ ላይ ለጥቂት የገባ ኮድ ናኖ ላይ እምቢ የሚለው ለዚህ ነው። ፕሮግራሙ ሲሠራ ቫሪያብሎቹን የሚያኖርበት ራም ደግሞ ሌላ ነው፤ 2,048 ባይት ብቻ።

ፍላሽ ሲሞላ ጥፋተኛው አብዛኛውን ጊዜ ላይብረሪ ነው። የሚሞሪ ካርዱ ላይብረሪ ብቻውን ብዙ ኪሎባይት ይበላል። ቺፑ በነጥብ ቁጥር የሚያሰላበት ሃርድዌር ስለሌለው፣ አንድ የነጥብ ቁጥር ማባዛት እንኳ ተጨማሪ ኮድ ይጎትታል፤ 23.5 ዲግሪን 235 ብሎ ይዞ ሲጻፍ ብቻ ነጥቡን ማስገባት ይሻላል። የትኛው ክፍል እንደከበደ ለማወቅ መገመት አያስፈልግም። ክፍሎቹን ተራ በተራ ከኮዱ አውጥቶ ኮምፓይል ማድረግና የባይቱን ልዩነት ማየት ነው፤ ቦርዱ መሰካትም የለበትም።

እኔ የምፈራው ራሙን ነው። ፍላሽ ከሞላ ኮዱ አይጫንም፤ ችግሩ እዚያው ይታወቃል። ራም ግን ግሎባል ቫሪያብሎቹ 75 በመቶ ሲያልፉ «ሊረበሽ ይችላል» የሚል ማስጠንቀቂያ ያሳይና ኮዱ ይጫናል። ከዚያ ቦርዱ በራሱ ጊዜ ይነሣል፣ ሲሪያል ሞኒተሩ ላይ የማይነበብ ነገር ይፈሳል። ማስጠንቀቂያው ራሱ የማይመጣበትም ጊዜ አለ። 128 በ64 ነጥብ ያለው ትንሹ ኦሌድ ስክሪን በአዳፍሩት ላይብረሪ ሲሠራ 1,024 ባይት ይፈልጋል፤ ይህን የሚጠይቀው ግን ቦርዱ ከተነሣ በኋላ ስለሆነ የኮምፓይለሩ ሒሳብ ውስጥ የለም። ኮምፓይለሩ 55 በመቶ ብሎ ያሳልፋል፣ ስክሪኑ ጨለማ ይሆናል፣ ሰውየው ገመድ ሲቀያይር ይውላል።

በአማርኛ ለምንጽፍ ደግሞ ሒሳቡ ይከብዳል። በዩቲኤፍ-8 አንድ ፊደል 3 ባይት ነው። «ታንከሩ ሞልቷል» የሚለው መልእክት ክፍተቱንና የመጨረሻዋን ዜሮ ጨምሮ 26 ባይት ይሆናል። በዚህ ቺፕ ላይ እንዲህ ያለ ጽሑፍ ካልከለከሉት በቀር ከፍላሽ ተገልብጦ ራምንም ይይዛል። ለሲሪያል የሚታተመውን ኤፍ የምትባለው ማክሮ ውስጥ ማስገባት ፍላሽ ላይ ብቻ ያስቀረዋል።

ስክሪን ላይ ለማሳየት የፊደሉ ቅርጽም ያስፈልጋል። 16 በ16 ነጥብ ከሆነ አንዱ ፊደል 32 ባይት ነው። 33ቱ ፊደላት በሰባቱ ሆሄያት 231 ይሆናሉ፤ እነ ቷንና ሏን ሳንጨምር 7,392 ባይት። ሰንጠረዡ ኮዱ ውስጥ ፕሮግሜም ተብሎ ፍላሽ ላይ ከተቀመጠ ሩብ የሚጠጋ ቦታ ይወስዳል፤ ኮንስት ብቻ ከተባለ ግን ራም ውስጥ ሊገባ ይሞክራል፣ ራሙ ደግሞ ሲሶውን እንኳ አይችልም። «ታንከሩ ሞልቷል» ለሚለው መልእክት የሚያስፈልጉት የተለያዩ ፊደሎች ግን ሰባት ናቸው፤ 224 ባይት። መልእክቶቹ አስቀድመው የሚታወቁ ከሆነ ሙሉውን ገበታ መጫን ለምን?

ይህ ሁሉ ቁጠባ ያሰለቸው ሰው ኢኤስፒ32 ይገዛል። እዚያም 4 ሜጋባይት ፍላሽ ያለው ቦርድ «የተፈቀደው 1,310,720 ባይት ነው» ሲለው ተታለልኩ ይላል። አልተታለለም። አዲስ ኮድ በዋይፋይ ሲመጣ አሮጌው ሳይነካ እንዲቀመጥ ፍላሹ ለሁለት ፕሮግራም ቦታ ይዞ ስለሚከፈል ነው። ከፓርቲሽን ምርጫዎቹ ሂዩጅ አፕ የሚለውን ሲመርጥ 3 ሜጋባይት ያገኛል፤ በዋይፋይ ማደሱ ግን ይቀራል። መሣሪያው ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጥ ከሆነ ይምረጠው። ጣሪያ ላይ የውሃ ታንከር ዘንድ የሚታሰር ከሆነ ግን እኔ ኮዱን መቀነስ እመርጣለሁ።