የብቅል ጉድለት

ተነክሮ ያደረ ገብስ ውሃው ተንጠፍጥፎ በጉሎ ወይም በኮባ ቅጠል ይሸፈናል። መጎንቆል ሲጀምር ቅጠሉን ገልጦ እጁን ወደ መሀል የሰደደ ሰው ሙቀት ይሰማዋል። እሳት የለ፣ ፀሐይ የለ፤ የሚያሞቀው ራሱ ገብሱ ነው፣ ይተነፍሳላ!

ሳንባ የሌለውም ይተነፍሳል። በፍሬው ውስጥ ስታርቹ ወደ ስኳር ይፈርሳል፤ በሴሎቹ ውስጥ ደግሞ ስኳሩ ከኦክሲጅን ጋር ተዋህዶ ካርቦን ዳይኦክሳይድና ውሃ ይሆናል። ከሚገኘው ጉልበት ከፊሉ ሥርና ቡቃያ ይሠራል፤ የቀረው ሙቀት ሆኖ ይወጣል።

ሚዛን ግን ያታልላል። ጎተራ የገባ ገብስ ከክብደቱ 12 በመቶ ያህሉ ውሃ ነው፤ ሲነከር እስከ 45 በመቶ ይደርሳል። እርጥቡን የመዘነ ሰው ብቅሉ ክብደት የጨመረ ይመስለዋል። ደረቁን ከደረቁ ጋር ያስተያየ ግን ጉድለቱን ያገኛል፤ ውሃው ሳይቆጠር ከ100 ኪሎ ገብስ ከ5 እስከ 10 ኪሎ ገደማ ይቀንሳል። ከፊሉ ደርቆ የተራገፈው ሥር ነው፣ ተጠርጎ ይገኛል። ሌላውስ?

«ሙቀት ሆኖ ጠፋ» የሚል መልስ ብዙ ጊዜ ይሰማል፤ ስህተት ነው። ሙቀት ሚዛን የሚያነሳው ክብደት የለውም። ሂሳቡ እንዲህ ነው፦ 180 ግራም ግሉኮስ ከአየር 192 ግራም ኦክሲጅን ወስዶ 264 ግራም ካርቦን ዳይኦክሳይድና 108 ግራም ውሃ ይሆናል። የገባውም የወጣውም 372 ግራም ነው፤ አንዲት ግራም አልጠፋችም። ጋዙ በቅጠሉ ስንጥቅ ሾልኮ ይሄዳል። ውሃው ፍሬው ውስጥ ሊቆይ ይችላል፣ ብቅሉ ሲሰጣ ግን እሱም ይተናል።

የቢራ ብቅል ፋብሪካዎች ከበቀለው ገብስ ሥር ቀዝቃዛ እርጥብ አየር የሚነፉትና ክምሩን የሚያገላብጡትም ለዚሁ ነው፤ ሙቀቱና ጋዙ ይወጣል፣ ኦክሲጅን ይገባል። ክምሩ በሞቀ ቁጥር ትንፋሹ ይፈጥናል፣ ስታርቹም ቶሎ ያልቃል። በጨለማ የተተወ ቡቃያ ከብርሃን ምግብ ስለማይሠራ ስንቁን እየበላ ደረቅ ክብደቱ በየቀኑ ይቀንሳል። ጠማቂዋ ብቅሉን በጊዜ አውጥታ የምታሰጣው፣ ስታርቹን የሚፈታው ኢንዛይም ተፈጥሮ ስታርቹ ራሱ ገና ሳያልቅ ነው።